ታዋቂ ሰው አብሮን ሲሳፈር፦ በሩ ሊዘጋ ሲል ለምን ይገባሉ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ በረጅም በረራ ላይ ከፊልም የማውቃት ተዋናይት ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ተቀምጣ ነበር። የገባችው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። አውሮፕላኑ እንደቆመ ደግሞ የት እንደገባች ሳላይ ጠፋች። እንዲህ ያሉ ሰዎች በእውነተኛ ስማቸው ነው የሚመዘገቡት? ፍተሻስ ያልፋሉ? እነሱ በመሳፈራቸው ሌላው መንገደኛ የሚጎዳበት ነገር አለ?

ምላሽ፦

መጀመሪያ በአየር ማረፊያ የልዩ መስተንግዶ ክፍል፣ ኋላም የበረራ አስተናጋጆች ኃላፊ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምመልሰው ሥራውን ከሁለቱም በኩል ካየሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“በሩ ሊዘጋ ሲል ገባች” ያሉት አጋጣሚ አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። ስለዚህ አገልግሎት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ሻምፓኝና ሰፊ ወንበር ነው። እሱን ግን የትኬቱን ዋጋ የከፈለ ሁሉ ያገኘዋል። ለታዋቂ ሰው ለብቻው የምናደርግለት ነገር ቢኖር ሰው ዓይን ውስጥ የሚቆይበትን ደቂቃ ማሳጠር ነው። ከመኪና ወርዶ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ መኪና ውስጥ እስኪገባ ያለችው ጊዜ ናት የእኛ ሥራ።

በሩ ከፊት የሆነ፣ መተላለፊያው አንድ የሆነ አውሮፕላን ያስቡ፤ ቦይንግ 737 ወይም ኤርባስ 320። ተዋናይቷ ቀድማ ገብታ አንደኛው ረድፍ ላይ ብትቀመጥ፣ ከ150 በላይ ሰው በአጠገቧ ያልፋል። ማለፍ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከፊት ያለው ሰው ሻንጣውን ሰቅሎ እስኪጨርስ ወረፋው ይቆማል፤ የቆመ ሰው ዙሪያውን ያያል፤ አይቶ የለየ ስልኩን ያወጣል። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የምናስገባት። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ነገሩ ይለያል። መንገደኛው በሁለተኛው በር ከገባና ፈርስት ክላሱ ከበሩ በስተግራ ከሆነ ማንም አጠገቧ ስለማይደርስ ቀድማ ገብታ አርፋ መቀመጥ ትችላለች።

መጨረሻ መግባት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሻንጣዋ ተጭኖ እሷ ካልመጣች ሻንጣው ተፈልጎ መውረድ አለበት። ይህ ደንብ በደም የተጻፈ ነው፤ በ1985 በኤር ኢንዲያ 182ኛ በረራ ላይ ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ የነበረ ቦምብ ፈንድቶ 329 ሰው አልቋል። ስለዚህ ልዩ መስተንግዶ ላይ የሚሠራው ልጅ አንድ እጁ ላይ ሬዲዮ፣ ሌላው ላይ ሰዓት ይዞ ነው የሚሮጠው። ጌት (መሳፈሪያው በር) ላይ ያለችው ባልደረባው “ስንት ቀረኝ?” ስትለው “ሦስት ደቂቃ” ካለ ሦስት መሆን አለበት። አራት ከሆነ ሻንጣ የማውረዱ ትእዛዝ ይሰጣል። የሰውየው ዝና ያንን ሰዓት አያቆመውም።

ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ። የሐሰት ስም የሚባለው ተረት ነው። ሆቴል ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ በዓለም አቀፍ በረራ ግን ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም አለበት። ነገሩን የሚያቀለው ብዙ አርቲስቶች የሚታወቁበት ስም ፓስፖርታቸው ላይ አለመኖሩ ነው። የዩቱ ባንድ ዘፋኝ ቦኖ ሲሳፈር ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ፖል ሂውሰን ነው። ዘፋኙ ዘ ዊክንድም አቤል ተስፋዬ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ዝርዝሩን በዓይኑ ገረፍ የሚያደርግ ሠራተኛ ልብ ሳይል ሊያልፋቸው ይችላል። ፖለቲከኞችና ስፖርተኞች ግን ይህ ዕድል የላቸውም።

ደግሞም የታወቀ ስም ሁልጊዜ በር ከፋች አይደለም። አሜሪካዊው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ስማቸው በክትትል ዝርዝር ውስጥ ካለ ተጠርጣሪ ስም ጋር በመመሳሰሉ አየር ማረፊያ ላይ በተደጋጋሚ መታገዳቸውን በ2004 ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ራሳቸው ተናግረዋል። በመላው አገሪቱ ፊታቸውን የማያውቅ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊት አያይም። ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ ስምን የማመሳከሩን ሥራ ከአየር መንገዶች ወስዳ በመንግሥት እጅ ያደረገችው፤ ከሙሉ ስም በተጨማሪ የልደት ቀንና ጾታ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ስሙ ካልተደበቀ እኛ ሰውየውን እንዴት እናውቃለን? በምዝገባው ላይ ለሠራተኛ ብቻ የሚታይ የማስታወሻ መስመር አለ። እዚያ ላይ “ቪአይፒ” ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዴም ማን እንደሚቀበለው፣ ጠባቂው የት እንደሚቀመጥ፣ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ እንዲሆን ለሁለት ሰው መከፈሉ ይጨመርበታል። ይህ መስመር ጌት ላይ ይታያል፣ ለአስተናጋጆች ኃላፊም ይደርሳል። ጥሩውም መጥፎውም የሚመጣው ከዚህች መስመር ስለሆነ እመለስባታለሁ።

በነገራችን ላይ ቪአይፒ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። በሥራው ቋንቋ ቪአይፒ በአብዛኛው ባለሥልጣን ነው፤ ሚኒስትር፣ አምባሳደር፣ የመሪ ቤተሰብ። ሲአይፒ የሚባለው ደግሞ ለድርጅቱ ገቢ የሚያመጣው ነው። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር፣ አየር መንገዱ ከተዋናይቷ ይልቅ ሊንከባከበው የሚሮጥለት ሰው ማንም የማያውቀው፣ በየሳምንቱ ውድ ትኬት የሚገዛ ነጋዴ መሆኑ ነው። የአሜሪካዎቹ አየር መንገዶች ዩናይትድ “ግሎባል ሰርቪስስ”፣ አሜሪካን ኤርላይንስ “ኮንሲየርጅ ኪ”፣ ዴልታ ደግሞ “ዴልታ 360” የሚሏቸው የአባልነት ደረጃዎች አሏቸው፤ በግብዣ እንጂ በማመልከቻ አይገባባቸውም፣ መስፈርታቸውም በግልጽ አይነገርም። የሚቀጥለው በረራ ሊያመልጠው ሲል አውሮፕላኑ ሥር መኪና የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ነው።

ስለ ፍተሻ የጠየቁት ትልቅ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፦ ያልፋሉ፤ የሚለየው ቦታው ነው። በሎስ አንጀለስ በ2017 የተከፈተው የግል ተርሚናል ውስጥ መንገደኛው ከሕዝቡ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የሚፈትሹት ግን እዚያው ድረስ የሚመጡት የመንግሥት ፈታሾች ናቸው። ከዚያ በመኪና ሜዳውን አቋርጦ አውሮፕላኑ ሥር ይወርዳል። ሉፍታንዛ በ2004 ፍራንክፈርት ላይ በዋናነት ለፈርስት ክላስ መንገደኞች የከፈተው ተርሚናልም እንዲሁ ነው፤ ፍተሻው፣ ፓስፖርቱ፣ ሁሉም እዚያ ያልቃል። በለንደን ሂትሮው ያለውን ለብቻ የሆነ አገልግሎት ደግሞ ገንዘቡ ያለው ሁሉ ሊገዛው ይችላል። ዝነኛ መሆን አያስፈልግም።

ከፍተሻ በሕግ ነጻ የሆኑ አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው፣ በአብዛኛውም ርዕሰ ብሔሮች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የአንዱ አገር ሕግ የሚሰጣቸውን የሌላው አገር ሕግ ላያውቅላቸው ይችላል። በኤፕሪል 2009 የቀድሞው የህንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም ከዴልሂ ወደ አሜሪካ ሲሳፈሩ የኮንቲኔንታል አየር መንገድ ሠራተኞች እንደማንኛውም ሰው ፈተሿቸው። በህንድ ደንብ ከፍተሻ ነጻ ነበሩ፤ አየር መንገዱ ደግሞ የአሜሪካን መመሪያ ነበር የያዘው። ወሬው ከወራት በኋላ ሲሰማ ፓርላማው ተቆጣ፣ ድርጅቱም ይቅርታ ጠየቀ። እኔን የሚነካኝ የሰውየው አድራጎት ነው፤ እጃቸውን ዘርግተው ተፈተሹ፣ ተሳፈሩ፣ አቤቱታም አላቀረቡም። በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው በእርግጥ ትልቅ የሆኑ ሰዎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚመጣው ረዳት ነው።

የጠባቂ ነገርም አለ። የግል ጠባቂ መሣሪያ ይዞ አይገባም፤ እሱም እንደ እርስዎ መንገደኛ ነው። ጥሩ ጠባቂ ከጌታው ጎን ሳይሆን ከኋላው፣ በመተላለፊያው በኩል ይቀመጣል። ወደ ፊት የሚመጣውን ሰው ቀድሞ የሚያየው ከዚያ ነው።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው ሥራ ከሚገመተው በላይ ጸጥ ያለ ነው። ከበረራ በፊት በምናደርገው አጭር ስብሰባ ላይ ለሠራተኞቼ የምነግራቸው ጥቂት ነገር ነበር፦ አንድ ሰው ብቻ ያስተናግዳታል፤ ፎቶ የለም፤ ፊርማ የለም፤ ስሟም አይጠራም። በስም ፈንታ በወንበር ቁጥር ነው የምናወራው፤ “ሁለት ኤ ውኃ ትፈልጋለች”። ምክንያቱም ምግብ የምናዘጋጅበት ክፍል መጋረጃ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ እዚያ የተባለ ስም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይሰማል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት የማልረሳው ነገር ገጠመኝ። ወደ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ከኢኮኖሚ ክፍል መጥታ መጋረጃው ሥር ቆመች። አባቷ ፊት የተቀመጠው ስፖርተኛ ማን እንደሆነ ነግሯታል። ማለፍ እንደማትችል ስነግራት አላለቀሰችም፤ ተመልሳ ሄደች። ትንሽ ቆይታ በወረቀት መሐረብ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ደብዳቤውን ከሻይ ስኒው ሥር አድርጌ ትሪ ላይ አቀረብኩለት፤ ካልፈለገ ሳያፍር እንዲተወው ነው። አነበበውና እስክሪብቶ ጠየቀኝ፤ በጀርባው ላይ ስድስት ሰባት መስመር ጻፈ። ልጅቷ መልሱን ስትቀበል በሁለት እጇ ነበር። ማንም መንገደኛ አላየም፣ ማንም አልተረበሸም። መልእክት ማድረስ ካለብዎ እንዲህ በአስተናጋጅ በኩል ይላኩ፤ መልስ ባይመጣም በክፋት አይውሰዱት።

ሥልጣን ጠባይን ሲያበላሽ የሚሆነውን ደግሞ ዓለም በዲሴምበር 2014 አይቷል። የኮሪያን ኤር ሊቀመንበር ልጅና የድርጅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴት፣ ለውዙ በሳህን ፈንታ በከረጢት ቀረበልኝ ብለው ኒው ዮርክ ላይ መንቀሳቀስ የጀመረውን አውሮፕላን ወደ ጌት አስመለሱ፤ የአስተናጋጆቹንም ኃላፊ አስወረዱ። ነገሩ በፍርድ ቤት ነው ያለቀው፤ ለወራት ታስረው በይግባኝ ተለቀቁ። እኔም ያንን ሥራ ስለሠራሁ ታሪኩን ስሰማ የታየኝ ከአውሮፕላኑ የወረደው ሰውዬ ነው። በሕግ አውሮፕላኑ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው፤ ከባለቤቱ ልጅም፣ ከሚኒስትርም በላይ። ይህ ሲጣስ የሚጎዳው ቪአይፒው ሳይሆን በረራው ነው።

አሁን ወደዚያች የማስታወሻ መስመር ልመለስ፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ነው። በሠራሁበት በአንዱ ድርጅት አንድ ወጣት ባልደረባዬ የአንዲት ዘፋኝ ስም ያለበትን ዝርዝር በስልኩ አንሥቶ ለእህቱ ላከ። ክፉ አልነበረም፤ ደስ ስላለው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ መውጫው ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይጠብቅ ነበር። ዘፋኟ ከሕፃን ልጇ ጋር ነበረች። በሠራተኛ በር አስወጣናት፤ ልጁ በጩኸቱ ደንግጦ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነበርኩ ብርድ ልብሱን የያዝኩት። ባልደረባዬ ከሥራ ተሰናበተ። ሥርዓቱ ማን ዝርዝሩን እንደከፈተ፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይመዘግባል። ይህንን ለአዳዲስ ሠራተኞች ደጋግሜ እናገር ነበር፤ ለማስፈራራት ሳይሆን፣ አንድ ደቂቃ ደስታ የሰው ደኅንነት ላይ ምን እንደሚያመጣ እንዲያውቁት ነው።

መረጃው ሲወጣ ጉዳቱ ታዋቂው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። በዲሴምበር 2018 ከሆንግ ኮንግ ወደ ሴኡል ሊነሣ በነበረ የኮሪያን ኤር በረራ ላይ የአንድ የሙዚቃ ቡድን አድናቂዎች ትኬት ገዝተው ተሳፈሩ፤ ወጣቶቹን በቅርብ ካዩ በኋላ አውሮፕላኑ ሊንቀሳቀስ ሲል “እንውረድ” አሉ። ተሳፍሮ የወረደ ሰው ምን ትቶ እንደሄደ ስለማይታወቅ 360 የሚሆኑት መንገደኞች በሙሉ ወርደው እንደገና ተፈተሹ፤ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። አየር መንገዱ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የመውጫ ፍተሻውን አልፎ ለሚቀር መንገደኛ ተጨማሪ 200,000 ዎን ቅጣት ጣለ። ይህ ቅጣት ተገቢ ነው እላለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ መረጃውን የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት በ2020 የቦርዲንግ ፓሳቸውን (የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን) ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፉ። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ፎቶው ላይ ባለው የምዝገባ ቁጥርና በስማቸው ብቻ የኳንታስ አየር መንገድ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውን፣ ስልካቸውን፣ ሠራተኞች ስለእሳቸው የጻፉትን ማስታወሻ ሳይቀር አገኘ። ሰውየው ቅን ስለነበረ ለሚመለከታቸው አሳወቀ፣ ቀዳዳውም ተደፈነ። ቦርዲንግ ፓስ ላይ ያለችው ባለ ስድስት ፊደል ቁጥር እንደ ቁልፍ ናት፤ ከአያት ስም ጋር ከሆነች ብዙ ቦታ ምዝገባውን ትከፍታለች። ይህ ለእርስዎም ለእኔም ይሠራል፤ እባክዎን ከጉዞ በፊትም በኋላም አይለጥፉት።

ሌላው መንገደኛ ይጎዳል ወይ ላሉት፦ አልፎ አልፎ አዎ። በሴፕቴምበር 2014 ከካራቺ ወደ ኢስላማባድ ሊበር የነበረ የፓኪስታን አየር መንገድ አውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በላይ ዘገየ። ተሳፋሪዎቹ መዘግየቱ በቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ረህማን ማሊክ ምክንያት ነው ብለው አመኑ፤ ሰውየው በሩ ላይ ሲደርሱ ጮኸው መለሷቸው። ቪዲዮው በየቦታው ታይቷል። ይሁንና አውሮፕላን ለአንድ ሰው ማስጠበቅ ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው፤ የመነሻ ተራ ካለፈ ሌላ ተራ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ቀጣይ በረራ ያላቸው መንገደኞችም ያመልጣቸዋል፣ ኪሳራው የድርጅቱ ነው። በተቃራኒው የሜክሲኮው አንድሬስ ማኑዌል ሎፔስ ኦብራዶር በ2018 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው ገና ሥልጣን ሳይረከቡ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት መደበኛ አውሮፕላን ውስጥ ከመንገደኛው ጋር ለሰዓታት ተቀምጠው ጠብቀዋል። ዝናብ ቪአይፒ አያውቅም።

የወንበር ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል። የአየር መንገዱ የአየር ማረፊያ ኃላፊ ለመጨረሻ ደቂቃ የሚይዛቸው ጥቂት ወንበሮች ስላሉ፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነሣ ቦታ ይገኛል። ካልተገኘና እርስዎን ከከፈሉበት ክፍል ዝቅ ካደረጉዎ “ለትልቅ ሰው ነው” የሚለው በቂ ምክንያት አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት በሚነሣ በረራ ላይ ደንብ ቁጥር 261/2004 እንደ ርቀቱ የትኬቱን 30፣ 50 ወይም 75 በመቶ እንዲመልሱልዎ ያስገድዳል። ለማን ሲባል እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልግዎ፤ ዝቅ መደረግዎን በጽሑፍ ይቀበሉና ገንዘቡን ይጠይቁ።

ያቺ ተዋናይት የት እንደገባች ልንገርዎ። አውሮፕላኑ ቆሞ የቀበቶው መብራት ሲጠፋ አንዲት አስተናጋጅ መተላለፊያው ላይ ከእርስዎ ረድፍ ፊት ቆማ ነበር፤ ካስታወሱ ሻንጣ እያወረደች ትመስላለች። ያቺ ሃያ ሰከንድ በቂ ናት። በሩ ላይ ሬዲዮ የያዘ ሰው ይጠብቃታል። ከአውሮፕላኑ ወደ ሕንፃው የሚያገናኘው ድልድይ ጫፉ ላይ፣ ብዙ መንገደኛ ልብ የማይለው ትንሽ በር አለ፤ ሠራተኞች ወደ ሜዳው የሚወርዱበት የብረት ደረጃ ነው። በዚያ ወርዳ ሥሩ የቆመው መኪና ውስጥ ገብታለች። እርስዎ ድልድዩ ውስጥ ተሰልፈው ሳለ እሷ ለብቻው በተዘጋጀ ክፍል ፓስፖርቷን ለኢሚግሬሽን ሠራተኛ እያሳየች ነው፤ ሻንጣዋን ግን ከእርስዎ ሻንጣ ጋር በአንድ ቀበቶ ላይ የሚጠብቅላት ያ ሬዲዮ የያዘው ልጅ ነው።